የቁም መርዶ

ወላይታ ሶዶ፣ መስከረም 26 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለምወድህ ለወንድሜ ልጅ ለቶማ አንጁሎ፤

የጌታ ሰላም ካለህበት ድረስ ይከተልህ። እኔ ከጆሮዬ በቀር ደህና ነኝ። ጆሮዬ ሠላሳ ዓመት የተማሪ ጫጫታ ሲሰማ ኖሮ ከእኔ ቀድሞ ጡረታ ወጥቷል። ስልክ ሲደወል የምታነሳው የጎረቤቴ ልጅ ሶፊ ናት፤ ያልከውን ሁሉ ጆሮዬ ላይ ጮኻ ትነግረኛለች፤ ሰፈሩም አብሮ ይሰማል። ስለዚህ እኔ በወረቀት እጽፋለሁ፤ ሶፊ ፎቶ አንስታ በቴሌግራም ትልክልሃለች። አንተም እንደዚሁ አድርግ። ያን የእጅ ጽሕፈት ያስተማርኩህ እኔ ነኝና ልየው።

የዘመን መለወጫችንን ጊፋታን ያላንተ ስናሳልፍ ይኸው ሰባት ዓመታችን ነው። ሥጋውን ከጎረቤት ጋር ተካፍለን በዳጣ በላን። ያንተን ድርሻ ለሶፊ ሰጠኋት።

ሱቅህ እንዴት ነው? በሩ ላይ ቆመህ አንድ ፎቶ ተነሣና ላክልኝ ብዬ ስንቴ ለመንኩህ! ለሰው ስናገር የማሳየው ነገር የለኝም። ደግሞ አንድ ጉዳይ አለ። በቤተ ክርስቲያናችን የተፈናቃዮች ኮሚቴ ተቋቁሟል፤ ጸሐፊዋ እኔ ነኝ። ከሚሠሩበት አገር በግጭት ተባረው የመጡ ወገኖች በአሮጌው የእህል መጋዘን ሰፍረዋል፤ ቤት እየፈለግን አንድ በአንድ እያስወጣናቸው ነው። ባለፈው እሑድ ጉባኤው ፊት ቆሜ፣ «የወንድሜ ልጅ ሃያ ብርድ ልብስ ይሰጣል» አልኩ። ሰው ሁሉ «አሜን» አለ። ስሜን እንደምትጠብቅልኝ አውቃለሁ።

እግዚአብሔር ደጅህን ይጠብቅ።

አክስትህ ትርፌ ጩማ


ደቡብ አፍሪካ፣ ኅዳር 12 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለክብርት አክስቴ ለእታባ ትርፌ፤

ጤናዎ፣ ጉልበትዎ፣ ሰላምዎ እንደምን ከረመ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን አለሁ። ደብዳቤዎ ደርሶኝ ሦስት አራት ጊዜ አነበብኩት። መልሱ ስለዘገየ ይቅርታ ያድርጉልኝ።

ሱቁ ደህና ነው። የስልኬ ካሜራ ስለተሰበረ ፎቶውን አሁን መላክ አልቻልኩም። ብርድ ልብሱን አልረሳሁም፤ ገበያው ትንሽ ቀዝቅዟልና ጊዜ ይስጡኝ። ለጊዜው ከሰዎች ጋር ነው የምኖረው።

ሶፊን ሰላም ይበሉልኝ። ለጎረቤት ግን ስለ ሱቁ ብዙ ባይናገሩ ደስ ይለኛል።

ልጅዎ ቶማ


ወላይታ ሶዶ፣ ታኅሣሥ 6 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለቶማ፤

የሠራዊት ጌታ ከክፉ ሁሉ ይሰውርህ። እኔ ደህና ነኝ።

ጽሕፈትህ ተንጋዷል። ጉልበትህ ላይ አድርገህ ነው የጻፍከው? ባለሱቅ ሰው እንዴት ጠረጴዛ ያጣል? «ብዙ አይናገሩ» ያልከውም አልገባኝም። የሚያኮራ ነገር ካለኝ ለምን ዝም እላለሁ?

ኮሚቴው ብርድ ልብሱን እየጠየቀኝ ነው። እስካሁን ስድስት ቤተሰብ ቤት አስገብተናል፤ አንዳንዱን እዚሁ፣ አንዳንዱን በዴሳ፣ አንዱንም ዲምቱ። ግን እውነቱን ልንገርህ፣ ሥራው ልብ ያደርቃል። የተሰጣቸውን ይመርጣሉ። ልብሱን ገልብጠው ያያሉ። እኔ ሰው ጤነኛ እጅ እያለው እንዴት ሳህን ይዞ እንደሚሰለፍ አይገባኝም። አባትህ ነፍሱን ይማርና ከቦምቤ ዝንጅብል በጀርባው እየተሸከመ ነው ያደገው፤ የማንንም ደጅ ሳይጠና ሞተ። የጩማ ዘር ከሰው እጅ አይበላም። ይህንን ለኮሚቴው ነግሬአቸዋለሁ፤ አንተን ምሳሌ አድርጌ።

መልስህን ቶሎ እጠብቃለሁ።

አክስትህ ትርፌ


ወላይታ ሶዶ፣ መጋቢት 15 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለቶማ አንጁሎ፤

ሦስት ወር ዝም አልከኝ። ሶፊ፣ «እታባ፣ ሁለት ምልክት አሳይቷል፤ አንብቦታል ማለት ነው» ትለኛለች። ሥራ በዝቶበት ይሆናል እያልኩ እኔው ላንተ ስከራከር ቆየሁ።

ያለፈው ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ለዳጣ የሚሆን ቃሪያ እየቀነጠስኩ ሳለ በሩ ተንኳኳ፤ ሶፊ ከፈተች። ሦስት ሰዎች ገቡ፤ አንድ ወንድ፣ ሚስቱና ወንድሙ። ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ለብሰዋል። ሰውየው አንድ ነገር ተናገረ፤ እኔ የሰማሁት «ቶማ» የሚለውን ስም ብቻ ነው።

ቶማ፣ ነጠላውን አይቼ ስምህን ስሰማ ምን እንደሆንኩ ልነግርህ አልችልም። «ልጄን!» ብዬ መሬት ላይ ወደቅኩ። ጎረቤት በአጥር ዘሎ ገባ። ሴቶቹ ደረታቸውን መምታት ጀመሩ። ሰውየው እጁን እያርገበገበ ይጮሃል፤ እኔ አልሰማውም። በኋላ ሶፊ ራሴን በሁለት እጇ ይዛ አፏን ጆሮዬ ላይ አደረገችና፣

«እታባ፣ ቶማ ደህና ነው! የሞቱት እርስዎ ነዎት!» አለችኝ።

«ምን?»

«ወይዘሮ ትርፌ ሞተዋል ብሎ ቶማ ነግሯቸው ነው! ለቅሶ ሊደርሱ ነው የመጡት!»

ተነሥቼ ተቀመጥኩ። ሰውየው የበዴሳ ልጅ ነው፤ መክብብ ይባላል፤ አንተ ባለህበት ከተማ ነው አሉ የሚኖረው። «ትርፌ እኔ ነኝ» አልኩት። ለለቅሶ ቤት ብሎ ያመጣውን ስኳር እንደያዘ ቀረ፤ የት እንደሚያስቀምጠው ጠፋው። ከጎረቤት አንዷ ሳቀች። ሌላዋ፣ «ዕድሜ ይጨምርልዎታል ማለት ነው» አለች። ከዚያ ሁሉም ሳቀ።

መክብብ ደንግጦ ይሆናል፣ የሚያውቀውን ሁሉ ዘረገፈው። ሱቅህ ነሐሴ ላይ እንደተዘረፈ፣ በአዳራሽ ፍራሽ ላይ እንደኖርክ፣ አንድ የእርዳታ ማኅበር ቤት እንደሰጠህ፤ እኔ የሞትኩ ጊዜ ደግሞ አበሻው ሁሉ ሦስት ቀን አብሮህ እንደተቀመጠ። ይህን ሁሉ ከማላውቀው ሰው አፍ፣ ሰፈር በተሰበሰበበት ሰማሁ።

ስለ ሱቁ አልጠይቅህም። አንድ ነገር ብቻ ጻፍልኝ። ለምን ገደልከኝ?

ትርፌ ጩማ


ደቡብ አፍሪካ፣ ሚያዝያ 20 ቀን 2017 ዓ.ም.

እታባ፤

እንደምን ከረሙ ብዬ ለመጀመር አፍ የለኝም። እንዲያው ከመጀመሪያው ልናገር።

ነሐሴ ላይ በአካባቢው ወሬ ተነሣ፤ የውጭ ሰዎች ሱቅ ይዘጋ ተባለ። በማግስቱ ሰዎች መጡ። እኔ በጣሪያ ወጥቼ አመለጥኩ። ከጎረቤት ግቢ ሆኜ ሳይ፣ በየቀኑ ዳቦ የምሸጥላት ሴት ማቀዝቀዣዬን ከልጇ ጋር ተጋግዛ ስታወጣ አየኋት። ከዚያ በኋላ አምስት ወር የተኛሁት በቤተ ክርስቲያን አዳራሽ ነው።

ማኅበሩ ትንሽ ነው። ስሙ በቋንቋቸው «ጎረቤት» ማለት ነው። የአገሩ ሰዎች ናቸው፤ ጡረታ የወጡ አስተማሪዎች፣ አንዲት ነርስ፣ አንድ የቧንቧ ሠራተኛ። ቤት ፈልገው ከአከራዩ ጋር ይነጋገራሉ፤ አልጋውን፣ ድስቱን፣ መጋረጃውን ከየቤታቸው ያወጣሉ። ሰውየው ከገባ በኋላ ደግሞ ከመካከላቸው አንዱ ስድስት ወር ጎረቤት ይሆነዋል። በየበሩ ይዞት ይዞራል፣ «ይህ የእኔ እንግዳ ነው፤ የሚነካው ካለ እኔን ነካ» ይላል። እንደገና እንዳንባረር ነው።

የእኔ ጎረቤት ማማ ኖሲፖ ናት። እንደ እርስዎ አስተማሪ ነበረች። ታኅሣሥ ላይ ፎርም ስትሞላልኝ፣ «ቤተሰብህ በሕይወት መኖርህን ይወቁ፤ አሁኑኑ እንደውልላቸው» ብላ ስልኩን አነሣች። ቁጥሩን ብሰጣት የምታነሳው ሶፊ ናት። ሶፊ ጮኻ ትነግርዎታለች፤ ሰፈሩ በሙሉ ይሰማል። ይህን ሳስብ ምላሴ ቀደመኝ።

«ማንም የለኝም። ያሳደገችኝ አክስቴም ሞታለች» አልኩ።

«መቼ?»

«በዚህ ወር።»

እስክሪብቶውን አስቀመጠችና ተነሥታ አቀፈችኝ። ያኔ ከውሸቴ መመለስ ነበረብኝ። አልመለስኩም። በነጋታው ጸሎት አደረጉልኝ፤ አበሻው ሰምቶ መጣ። ሰው ሲያለቅስልዎት እኔም አለቀስኩ፤ ለቅሶዬ የውነት ነበር፤ ለምን እንደሆነ ግን አላውቅም። ማማ ኖሲፖ ፎቶዎን ጠይቃኝ አሳድጋ፣ በክፈፍ አድርጋ ቤቴ ግድግዳ ላይ ሰቀለችው።

ከሁሉ የሚከፋውን አልነገርኩዎትም። አዳራሹ ውስጥ አጠገቤ የሚተኛ ፓስካል የሚባል የኮንጎ ሰው ነበር፤ ሁለት ትንንሽ ሴቶች ልጆች አሉት። ይህ ቤት ለእነሱ ነበር የታሰበው። «ሐዘንተኛ ብቻውን አዳራሽ ውስጥ አይቀመጥም፤ እነሱ ቀጣዩን ይጠብቁ» ተብሎ ለእኔ ተሰጠ። የገባሁ ቀን ፍራሼን ተሸክሞ ያደረሰኝ ፓስካል ነው። በር ላይ ቆሞ፣ «አክስትህ ደግ ሴት ነበረች መሰለኝ» አለኝ።

ይቅር ይበሉኝ ለማለትም አፍራለሁ።

ቶማ


ወላይታ ሶዶ፣ ሚያዝያ 25 ቀን 2017 ዓ.ም.

ቶማ፤

ደብዳቤህ ደርሶኛል።

ለዚያች ሴት በሕይወት መኖሬን ንገራት። እስክትነግራት ድረስ አትጻፍልኝ። የብርድ ልብሱን ነገር ተወው፤ ለጉባኤው እኔው እናገራለሁ።

ትርፌ


ደቡብ አፍሪካ፣ ሰኔ 18 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእታባ ትርፌ፤

እግዚአብሔር ዕድሜዎን ያርዝመው። 

ነግሬያታለሁ። አንድ ወር ያህል የፈጀብኝ እሷ በመጣች ቁጥር «ዛሬ» እያልኩ ነው። አንድ ሐሙስ ቀን የእግር ሹራብ ሠርታልኝ መጣች፤ እዚህ አሁን ክረምት ነው። ፎቶዎ ሥር ተቀምጣ ሳለ፣ «ማማ፣ ይህች ሴት በሕይወት አለች» አልኳት።

እታባ፣ ደስ ይላታል ብዬ አላሰብኩም ነበር። ከመቀመጫዋ ብድግ አለች። «ተገኘች? ተሳስተው ነው የነገሩህ?» ብላ እልል አለች። እጄን ይዛ ልታስጨፍረኝ! «አይደለም ማማ፤ እኔ ነኝ የዋሸሁት» እስክል ድረስ እያጨበጨበች ነበር። ከዚያ እጆቿ ቆሙ። ተመልሳ ተቀመጠች።

«ስድስት ወር ሙሉ በየሳምንቱ ስሟን እየጠራን ስለ አንተ ጸልየናል» አለችና ቦርሳዋን ይዛ ወጣች። ሹራቡን ትታልኝ ሄደች።

ሁለት ሳምንት አልመጣችም። በኋላ ማኅበሩ ስብሰባ ጠርቶኝ ሁሉም ፊት ቆሜ ተናገርኩ። የራሱን አልጋ የሰጠኝ የቧንቧ ሠራተኛው መሐል ላይ ተነሥቶ ወጣ። ሌሎቹ ግን ውጣ አላሉኝም። «ቤቱን ለፓስካል ስጡት፤ እኔ ወደ አዳራሹ እመለሳለሁ» አልኩ። ማማ ኖሲፖ ናት የመለሰችልኝ። «ፓስካል ሄዷል» አለች። ትንሿ ልጁ በብርዱ ደረቷን ታማባት ግንቦት ላይ ወደ ሌላ ከተማ ይዟቸው ሄደ። በስልኩ አይገኝም። እንዴት እንደሆኑ የሚያውቅ የለም። እኔ በየቀኑ እደውላለሁ።

ማማ ኖሲፖ እርስዎን በዓይኗ ካላየች እንደማታምነኝ ነግራኛለች። ሶፊ በቪዲዮ ብታገናኘን ምን ይመስልዎታል?

ልጅዎ ለማለት ከፈቀዱልኝ፣ ቶማ


ወላይታ ሶዶ፣ ሐምሌ 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

ቶማ፤

ሰላም ለአንተ ይሁን። ልጄ ነህ፤ ይህን አልከለከልኩህም።

ለጉባኤው ስለ ብርድ ልብሱ ተናግሬአለሁ።  

ከማማ ኖሲፖ ጋር የተያየን ጊዜ የምናገረውን ሁሉ አዘጋጅቼ ነበር። ሶፊ ስልኩን ስትይዝልኝ ፊቷን አየሁት፤ ጸጉሯ እንደ እኔ ሸብቷል፤ መነጽሯን አውልቃ እየጠራረገች ደጋግማ ታየኛለች። ያዘጋጀሁትን ተውኩት። ተነሥቼ ቆምኩና ጎንበስ ብዬ እጅ ነሣኋት። እሷም ከመቀመጫዋ ተነሣች። እንደቆምን ተያየን።

ከዚያ አንድ ነገር ተናገረች። ሶፊ «ምን አለች?» ስትልህ፣ አጠገቧ ሆነህ «ሰላም ብላለች» አልክ።

እኔ የደነቆረው ጆሮዬ ነው እንጂ ዓይኔ አይደለም። አፏን አይቻለሁ፤ «ሰላም» ያን ያህል አይረዝምም። አንተም መሬት መሬት ታይ ነበር። ምን አለች? እንዳለ ጻፍልኝ።

ትርፌ


ደቡብ አፍሪካ፣ ሐምሌ 30 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእታባ ትርፌ፤

ጤና ይስጥልኝ። ባልጽፈው ይሻል ነበር፤ ግን ከዚህ ወዲያ አልዋሽዎትም።

ያለችው ይህ ነው፤ «ይህን ልጅ ይቅር ብዬዋለሁ። አንቺን ግን አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ተዘረፍኩ ከሚልሽ ይልቅ ሞተሻል ማለት የቀለለው፣ ምን ብትዪው ነው?»

ጎረቤትን ፈርቼ ነው ያልኩዎት ውሸት አይደለም። ሙሉ እውነትም አይደለም። ፎርሙን የሞላነው ታኅሣሥ 8 ቀን ነው። የታኅሣሥ 6ቱን ደብዳቤዎን ያነበብኩት በዋዜማው፣ አዳራሹ ውስጥ ሾርባ ለመቀበል ሳህን ይዤ ተሰልፌ ሳለ ነው። «የጩማ ዘር ከሰው እጅ አይበላም» የሚለው ላይ ስደርስ ተራዬ ደረሰ።

በላሁ፣ እታባ። ርቦኝ ነበር።

ቶማ


ወላይታ ሶዶ፣ መስከረም 8 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለምወድህ ለልጄ ለቶማ፤

ዘመኑን ከነምሕረቱ ያስጀምርህ።

ደብዳቤህን መጽሐፍ ቅዱሴ ውስጥ አድርጌ አንድ ወር አቆየሁት። በየቀኑ ላነብ ስከፍተው እሱ ይወጣል። ለማማ ኖሲፖ መልስ ልጽፍ ስቀመጥ የምጽፈው ሁሉ ሰበብ ሆነብኝ። አስተማሪ ነበርኩ፤ ሰበብ ሳየው አውቀዋለሁ።

በዚያ ደብዳቤ «የተሰጣቸውን ይመርጣሉ» ያልኩህ ስለ አንዲት ሴት ነበር። ዓመለወርቅ ትባላለች። መጋዘኑ ውስጥ ልብስ ስናድል ለልጇ የሰጠኋትን ጫማ መልሳ አመጣችው። ገና አፏን ሳትከፍት፣ ሰው ሁሉ እየሰማ፣ «ለማኝ ደግሞ ይመርጣል?» አልኳት። የተሰለፈው ሳቀ። ጫማውን ይዛ ሄደች። ከሰልፉ በኋላ ልብሱ ከነበረበት ሻንጣ ሥር ሌላ ጥንድ አገኘሁ፤ ሁለቱም የቀኝ ነበሩ። እኔ የሰጠኋት ሁለቱንም የግራ ኖሯል። ይህን የዚያኑ ቀን ነው ያወቅሁት፤ ግን ጠርቼ አልለወጥኩላትም። በኮሚቴው መዝገብም አልጻፍኩትም። ለአንተ ግን «ይመርጣሉ» ብዬ ጻፍኩልህ።

ባለፈው ማክሰኞ ሚኒባስ ይዤ በዴሳ ሄድኩ። ያስገባናት ቤት ከእህል ገበያው ጀርባ ነው። ደጃፏ ላይ ጎደሬ ስትልጥ አገኘኋት። መልኬን ስታየው ተነሥታ በርጩማዋን ለቀቀችልኝ። ሳልቀመጥ እንደቆምኩ፣ ያልኳትን ቃል በቃል ደገምኩላት። «ይህን ያልኩሽ እኔ ነኝ። ይቅርታ ልጠይቅሽ ነው የመጣሁት» አልኩ።

ጆሮዬን ታውቃለህ። ጠጋ ብላ ጮክ አድርጋ ተናገረችኝ፤ ጎረቤቷም ሰማ።

«እርስዎ ነበሩ እንዴ? ይቅርታ ያድርጉልኝ እማማ፤ ብዙ ሰው ስለሚለኝ ማን እንዳለኝ አልያዝኩም» አለችኝ።

ይቅርታ የጠየቀችኝ እሷ ናት፣ ቶማ። ከዚያ የተቀቀለውን አቀረበችልኝና በላሁ።

ይህን ለማማ ኖሲፖ እንዳለ አንብብላት፤ አንዱንም አታለዝብልኝ። የጠየቀችኝ ጥያቄ መልሱ ይኸው ነው።

አንተም በሚቀጥለው ስትጽፍ ስለ ሱቅ አትንገረኝ። ምን እንደበላህና የሰጠህን ሰው ስም ጻፍልኝ።

አክስትህ ትርፌ ጩማ